ሥዕሉ ከእሳት በፊት

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ ሸክላ ሥራ ነው። ከሙያው ውስጥ ሁለት ነገሮች መርጠናል፤ አንዱ ጠባያቸው የተለያየ አፈሮችን በአንድ ዕቃ ላይ አዋሕዶ አብሮ መተኮስ፣ ሌላው በሸክላ ላይ ጌጥ መሣል። ብዙ ጊዜ ሁለቱ ለየብቻ ይነገራሉ። የመጀመሪያው የአፈርና የእሳት ጉዳይ፣ ሁለተኛው የእጅና የዓይን ጉዳይ ተደርጎ ይታሰባል። በዚህ ዝግጅት የምንሟገትለት ሐሳብ ግን ሁለቱ አንድ ሙያ ናቸው የሚል ነው። በሸክላ ላይ የሚዘልቀው ጌጥ ራሱ አፈር የሆነና ከዕቃው ጋር አንድ እሳት የገባ ጌጥ ነው። ስለዚህ ጌጥ ለመሥራት የተነሣ ሰው ምን እንደሚሥል ከመወሰኑ በፊት የትኛው አፈር ከየትኛው ጋር እንደሚስማማ ማወቅ አለበት።

ይህን ማንሳት ያስፈለገው በየገበያው የምናየው ልማድ ከዚህ የራቀ ስለሆነ ነው። ለጌጥ ተብለው የሚሸጡ ብዙ ጀበናዎች፣ የዕጣን ማጨሻዎችና የአበባ ማስቀመጫዎች ጌጣቸውን ያገኙት ተተኩሰው ከቀዘቀዙ በኋላ በዘይት ቀለም ነው። ቀለሙ ለጊዜው ያምራል፤ ዓይን ይስባል፤ ዋጋም ይጨምራል። ነገር ግን ጀበናው ከሰል ላይ ሲጣድ ቀለሙ ያብጣል፣ ይሸታል፣ ይላጣል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሸክላው ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሆነ ሙቀት አልፎ የመጣ ሲሆን፣ በላዩ ያለው ቀለም ግን የዚያን ግማሽ እንኳ አይችልም። ሁለቱ በአንድ ዕቃ ላይ ይታዩ እንጂ የሚችሉት እሳት አንድ አይደለም።

ከእሳት በፊት የተሣለ ጌጥ ምን ያህል እንደሚቆይ ለማየት ወደ ጣሊያኗ ፍሎረንስ ከተማ እንሂድ። በዚያ በአርኪዮሎጂ ሙዚየም ውስጥ የፍራንሷ ማሰሮ የሚባል ትልቅ የወይን መቀላቀያ አለ። በአቴና ከተማ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ570 ገደማ ተሠራ። የቀረጸው ኤርጎቲሞስ፣ የሣለበት ክሌይቲያስ ይባላል፤ ሁለቱም ስማቸውን በዕቃው ላይ ጽፈዋል። ከ200 የሚበልጡ ምስሎች በዙሪያው ተደርድረውበታል። በ1844 እ.ኤ.አ. አሌሳንድሮ ፍራንሷ የሚባል ቆፋሪ ኪዩሲ በምትባል ከተማ አጠገብ ከጥንት መቃብር ውስጥ ስብርባሪውን አገኘው፤ ተጠግኖም ለእይታ ቀረበ። በ1900 እ.ኤ.አ. ደግሞ አንድ የሙዚየሙ ጠባቂ ተናዶ በርጩማ ወረወረበትና 638 ቦታ ሰባበረው። እንደገና ተለቅሞ ተገጣጠመ። ዛሬ ያ ዕቃ ቆሞ ይታያል፤ የተሰበረው ሸክላው ነው፤ የፈረሶቹ ኮቴ፣ የሰዎቹ ጣት፣ የፊደሎቹ ጭረት ግን በእያንዳንዱ ገል ላይ እንደነበረ ይነበባል። ከ2,500 ዓመት በላይ፣ ያውም አብዛኛው ከመሬት በታች ቆይቶ፣ ሁለት ጊዜ ተሰባብሮ ያልተላጠ ሥዕል ነው።

የዚህ ጥንካሬ ምስጢር ለረዥም ጊዜ ሊቃውንትን አወዛግቧል። እንዲህ ያሉ የአቴና ዕቃዎች መሬታቸው ብርቱካን መሰል ቀይ፣ ሥዕላቸው ደግሞ የሚያብለጨልጭ ጥቁር ነው። ጥቁሩ ከየት የመጣ ልዩ ቀለም እንደሆነ ብዙ ተፈለገ። በ1942 እ.ኤ.አ. ቴዎዶር ሹማን የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት በሙከራ ያሳየው መልስ ግን ከሁሉም ግምት የቀለለ ነበር፤ ጥቁሩም ቀዩም አፈር ነው። ልዩነቱ የቅንጣቱ ድቀትና የእሳቱ አያያዝ ነው። የአቴና ሠሪዎች ብረት ያለበትን ሸክላ አፈር በውኃ በጥብጠው ያስቀምጡታል፤ አሸዋውና ሻካራው ወደ ታች ሲዘቅጥ ከላይ ተንሳፎ የቀረውን እጅግ ደቃቅ አፈር ይቀዱታል። ይህ ሲወፍር ለሥዕል ይሆናል። በብሩሽ ሲቀባ ከዕቃው ጋር ያለው የመልክ ልዩነት ትንሽ ነው፤ ሠዓሊው ሥራውን ጨርሶ ሲያስረክብ ጥቁርና ቀይ ሆኖ የሚታይ ነገር የለም። ያን የሚያወጣው እሳቱ ነው።

እሳቱ እንዴት እንደሚሠራ ለመረዳት ስለ ብረት ጥቂት ማወቅ ይበቃል። ቀይ አፈር ቀይ የሆነው በውስጡ ባለው ብረት ነው። ብረቱ አየር እንደ ልብ ሲያገኝ ሄማታይት የሚባለውን ቀይ መልክ ይይዛል። አየር ተከልክሎ በጭስ ሲታፈን ግን ያው ብረት ከኦክስጅኑ ከፊሉን ይነጠቅና ማግኔታይት ወደሚባል ጥቁር ነገር ይለወጣል። የአቴና ሠሪዎች ይህን በአንድ መተኮስ ውስጥ በሦስት ደረጃ ይጫወቱበታል። ምድጃው መጀመሪያ አየር እየገባው እስከ 800 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል፤ በዚህ ጊዜ ዕቃውም ቅቡም ቀይ ነው። ከዚያ የአየር መግቢያው ይዘጋል፣ እርጥብ እንጨት ይጨመራል፣ ሙቀቱም ከ900 ዲግሪ ያልፋል፤ ሁሉም ነገር ይጠቁራል። ደቃቁ ቅብ በዚህ ሙቀት ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ፤ ላዩ እንደ መስታወት ይዘጋል። ሻካራው ዕቃ ግን ገና ቀዳዳ የበዛበት ነው። በመጨረሻ አየር መልሶ ሲገባ፣ ዕቃው በቀዳዳዎቹ እየተነፈሰ ወደ ቀይ ይመለሳል፤ የተደፈነው ቅብ ግን አየሩ ስለማይደርሰው ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። አንድ ዓይነት ብረት፣ አንድ እሳት፣ ሁለት መልክ። ሁልጊዜ ይሳካ ነበር ማለት አይደለም። በየሙዚየሙ ግማሽ ጎናቸው ጥቁር መሆን ሲገባው የቀላ፣ ሁለት ዕቃዎች ተደጋግፈው የተተኮሱበት ምልክት የቀረባቸው የአቴና ዕቃዎች አሉ። እነዚህ ብልሽቶች ለእኛ ከተሳኩት ይልቅ ያስተምራሉ፤ መልኩ ከብሩሽ ሳይሆን ከምድጃው እንደመጣ ይመሰክራሉና።

እነዚሁ የአቴና ሠሪዎች ለሐሳባችን የተገላቢጦሹን ማስረጃም ትተውልናል። የሴቶችን ፊትና እጅ ነጭ ለማድረግ ብረት የሌለበት ነጭ አፈር በጥቁሩ ቅብ ላይ ይደርቡ ነበር። ዛሬ እነዚያን ዕቃዎች ስናይ ጥቁሩ እንደ ትናንት ሥራ ሲያበራ፣ ነጩ ግን በብዙ ቦታ ተነሥቶ ጥላው ብቻ ቀርቷል። አንድ ሠዓሊ፣ አንድ ብሩሽ፣ አንድ እሳት ሳለ ውጤቱ ለምን ተለያየ? ነጩ አፈር ከቅቡ በላይ ሙቀት የሚፈልግ ስለነበር ነው። ጥቁሩ በ900 ዲግሪ ሲደፈንና ከዕቃው ጋር ሲያያዝ፣ ነጩ በዚያ ሙቀት ገና አልበሰለም፤ እንደ ዱቄት ላዩ ላይ ተቀምጦ ቀረ። እንግዲህ አፈር መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ በአንድ እሳት አብሮ የሚበስል አፈር መሆን አለበት።

አፈሮች በአንድ ዕቃ ላይ የሚጣሉት በዋናነት በሁለት ነገር ነው፤ በማነስና በመብሰል። ማነሱን እንመልከት። እርጥብ ጭቃ ሲደርቅ ውኃው ከቅንጣቶቹ መሐል ይወጣና ቅንጣቶቹ ይቀራረባሉ፤ ዕቃው ያንሳል። ሲተኮስ ደግሞ እንደገና ያንሳል። የማነሱ መጠን እንደ አፈሩ ይለያያል። ዋልካ መሬት የሚያርስ ገበሬ ይህን ያውቀዋል፤ በክረምት አብጦ እግር የሚይዘው ጥቁር አፈር በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። የዋልካ ቅንጣት ውኃን ወደ ውስጡ አስገብቶ የሚያብጥ፣ ሲደርቅም በዚያው ልክ የሚኮማተር ነው። አሸዋ የበዛበት አፈር ደግሞ ብዙ አያንስም። አሁን ሒሳቡን እናስላ። በሆዱ ዙሪያውን 60 ሳንቲሜትር የሆነ ማሰሮ የተሠራበት አፈር 8 በመቶ የሚያንስ ቢሆን፣ ተተኩሶ ሲያልቅ ዙሪያው 55.2 ሳንቲሜትር ይሆናል። በሆዱ ላይ የታሰረው የጌጥ መቀነት 12 በመቶ ከሚያንስ አፈር ቢሠራ፣ እሱ ሊሆን የሚፈልገው 52.8 ሳንቲሜትር ነው። የ2.4 ሳንቲሜትር ልዩነት የትም አይሄድም፤ መቀነቱ ይተረተራል። ነገሩ ተገልብጦ ዕቃው ከጌጡ ይልቅ ቢያንስ ደግሞ፣ ጌጡ ሰፍቶበት ይጨመቅና እየተፈነከተ ይወድቃል። ስንጥቅ ካያችሁ ጌጡ አብዝቶ አንሷል፤ ልጥ ሆኖ ከተነሣ ዕቃው አብዝቶ አንሷል ማለት ነው። ስሕተቱን ከምልክቱ ማንበብ ይቻላል።

የመብሰሉ ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። ብረት የበዛበት ተራ ቀይ ሸክላ ከ1,000 እስከ 1,100 ዲግሪ ባለው ውስጥ በደንብ ይጠነክራል። ከዚያ ብዙ ቢያልፍ ይቀልጣል፣ ይነፋፋል። ካዎሊን የሚባለው ነጭ አፈር ብቻውን ከሆነ ከ1,200 ዲግሪ በላይም ገና አይበስልም። እነዚህን ሁለቱን ያለ ማስታረቂያ በአንድ ምድጃ ማስገባት አንዱን ጥሬ፣ ሌላውን ያረረ ማድረግ ነው። በተጨማሪ በ573 ዲግሪ ላይ በአፈሩ ውስጥ ያለው የኳርትዝ አሸዋ በድንገት መጠኑን ይለውጣል፤ ሲሞቅ ይሰፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። አንዱ አፈር አሸዋማ፣ ሌላው ደቃቅ ከሆነ በዚያች ነጥብ ላይ እኩል አይንቀሳቀሱም፤ ስለዚህ እሳቱ እዚያ አካባቢ ሲደርስ መቸኮል አያስፈልግም፣ ሲቀዘቅዝም ነፋስ እንዳያገኘው ይጠበቃል። የኖራ ድንጋይ ቅንጣት ያለበት አፈር ሌላ ጣጣ አለው። ዕቃው ደኅና ሆኖ ከእሳት ይወጣል፤ የተቃጠለው ኖራ ግን ከአየሩ እርጥበት እየጠጣ ያብጥና ከቀናት በኋላ ጌጡን ይዞ ይፈነዳል።

ይህን ሁሉ የሰማ ሰው፣ ታዲያ የተለያዩ አፈሮችን አንድ ላይ ለማድረግ ለምን ይደከማል፣ አንድ አፈር ይዞ መሥራት አይሻልም ወይ ሊል ይችላል። ተቃውሞው ክብደት አለው፤ ብዙ ልምድ ያላቸው ሠሪዎችም የሚሰጡት ምክር ነው። መልሱ ግን ልዩነቱ ይለካል፣ ሲለካም ይጠባል የሚል ነው። መለኪያው ማስመሪያና ትዕግሥት ብቻ ይጠይቃል። ከእያንዳንዱ አፈር ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው ዱላ ይሠራል፤ እርጥብ ሳለ በላዩ ልክ 10 ሳንቲሜትር የሆነ መስመር ይጫርበታል። ሲደርቅ ይለካል፣ ሲተኮስም ይለካል። መስመሩ 9.2 ሳንቲሜትር ከሆነ አፈሩ 8 በመቶ አንሷል። ሁለተኛው መፈተኛ ከዚህም ይበልጥ ይናገራል። ሁለቱ አፈሮች በእርጥብነታቸው እንደ ቀጭን ቂጣ ተዳምጠው አንዱ በሌላው ላይ ይጣበቃሉ፤ ረዘም ያለ ንጣፍ ይሆናሉ። ሲደርቅና ሲተኮስ ንጣፉ ቀጥ ብሎ ከቀረ ተስማምተዋል፤ ወደ አንድ ጎን ከጎበጠ በጉብጠቱ ውስጥ በኩል ያለው አብዝቶ ያነሰው ነው። ልዩነቱን የሚያጠበው ደግሞ በሸክላ ሠሪ ቤት የማይጠፋ ነገር ነው። አብዝቶ ለሚያንሰው አፈር የደቀቀ ገል ወይም አሸዋ ይጨመርለታል፤ አንድ ጊዜ የተተኮሰ ገል ሁለተኛ አያንስምና። ብዙ ላላነሰው ደግሞ የሚያጣብቅ ደቃቅ አፈር ይጨመርለታል። ከሁሉ የቀለለው መንገድ ያንኑ የዕቃውን አፈር አጥልሎ፣ መልኩን በብረት አፈር ወይም በሌላ የማዕድን ቀለም ለውጦ መጠቀም ነው፤ ሁለቱ ከአንድ ጉድጓድ ስለሆኑ ጠባቸው ትንሽ ነው።

በአንድ ዕቃ ላይ ሦስት አፈር በማዋሐድ የኮርያ ሠሪዎችን የሚተካከል የለም ብል ማጋነን አይሆንም። በጎርዮ ነገሥታት ዘመን፣ በተለይ ከ12ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ፣ ሳንጋም የሚባል ጥበብ ነበራቸው። ግራጫ መልክ ባለው ዕቃ ላይ፣ ግማሽ ደርቆ ቢላ በሚቀበልበት ሰዓት፣ የወፍና የደመና ሥዕል ይጫራል። ጭረቱ በነጭ አፈር ይሞላል፤ ጥቁር በሚፈለግበት ቦታ ብረት የበዛበት አፈር ይሞላል። ከመጠን ያለፈው ይፋቃል፤ ሥዕሉ ከዕቃው ገጽ ጋር እኩል ሆኖ ይቀራል። ከዚያ ዕቃው አንድ ጊዜ ይተኮሳል፤ አረንጓዴ የሚያደርገው ፈሳሽ ውስጥ ተነክሮ ደግሞ ከ1,100 ዲግሪ በላይ በሆነ፣ አየር በተከለከለ እሳት ሁለተኛ ይተኮሳል። እዚህ ላይ ሥዕሉ በዕቃው ላይ ያለ አይደለም፤ በውስጡ ነው። ነጩ አፈር ጥቂት ስለሆነና በሦስት በኩል በዕቃው ስለተያዘ፣ የማነስ ልዩነት ቢኖር እንኳ ቦይዋ ትይዘዋለች። በሰፊ ገጽ ላይ የማይታረቁ አፈሮች በጠባብ ጭረት ውስጥ ይታረቃሉ። ይህ ለእኛ አገር ሠሪዎች ትልቅ ፍንጭ ይመስለኛል፤ በአንገትና በትከሻ ላይ መጫር፣ በጣትና በእንጨት ጫፍ መውጋት በአገራችን ሸክላ የቆየ ጌጥ ነውና። ከአክሱም ዘመን የተገኙ ስብርባሪዎች ላይም የተጫረና የተወጋ ጌጥ ሞልቷል። ጭረቱ አለ፤ የቀረው የሚሞላው አፈር ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ተቃውሞ እንምጣ። የአቴናም የኮርያም ሠሪ የተገነባ ምድጃ ነበረው፤ አየር የሚዘጋበትና የሚከፍትበት መላ ነበረው። በኩበት፣ በጭድና በጭራሮ ሜዳ ላይ ለሚተኩስ ሰው ይህ ሁሉ ምን ይጠቅመዋል? እሳቱ ከ900 ዲግሪ ብዙም አያልፍ፤ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅ። ለዚህ መልሱ ከሌላ የሜዳ እሳት ይመጣል። በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ግዛት፣ ሳን ኢልደፎንሶ በሚባል የፑዌብሎ ሕዝብ መንደር፣ ማሪያ ማርቲኔዝና ባለቤቷ ሁሊያን በ1919 እ.ኤ.አ. ገደማ በጥቁር ላይ ጥቁር ሥዕል የሚሠሩበትን መንገድ አገኙ። ማሪያ ያለ ማሽከርከሪያ፣ ጭቃውን እንደ ገመድ እየጠቀለለች ዕቃውን ታቆማለች፤ አፈሩም ብቻውን አይደለም፣ በአካባቢው ያለ የእሳተ ገሞራ አመድ ይቀላቀልበታል። ላዩን ብረት ባለበት ደቃቅ ቅብ ትለቀልቅና በለስላሳ ድንጋይ እስኪያበራ ታለሰልሰዋለች። ሁሊያን በለሰለሰው ላይ በሌላ ቀጭን የአፈር ቅብ ይሥላል። ዕቃው ሜዳ ላይ በእንጨትና በደረቀ እበት ይተኮሳል፤ ሙቀቱ 700 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ የደቀቀ የፈረስ ፋንድያ ይከመርበትና እሳቱ ይታፈናል። ሁሉም ይጠቁራል፤ የለሰለሰው ያበራል፣ የተሣለው ይደበዝዛል። ፋንድያው ባይከመር ያው ዕቃ ቀይ ሆኖ ይወጣ ነበር። ምድጃ የለም፣ የሙቀት መለኪያ የለም፣ ከአገር ውጭ የመጣ ቀለም የለም። እውነቱን ለመናገር ግን ይህ ዕቃ ዋጋ ያስከፍላል፤ ማንጸባረቁ እንዳይጠፋ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚተኮስ ውኃ ለመያዝና ለማብሰል አይሆንም፤ ለእይታ የተሠራ ነው።

የሜዳ እሳትን ማፈን ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ጥቁር ጀበና የሚጠቁረው ከእሳት ሲወጣ ገና ግሎ ሳለ በጭድ ወይም በቅጠል ሲታፈን ነው። ምጣድ ሲታሰስም በጎመን ዘር ዘይት የሚያገኘው ጥቁር ልስላሴ ከዚሁ ዘመድ ነው። በብዙ አካባቢ ያሉ ሸክላ ሠሪዎችም፣ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፣ በአንድ ዓይነት አፈር ብቻ አይሠሩም፤ የሚያጣብቀውን ከአሸዋማው ያቀላቅላሉ፣ ያረጀ ሸክላ ወቅጠው ይጨምራሉ፣ ለምጣድ የሚሆነውን ለእንስራ ከሚሆነው ይለያሉ። ሁለት አፈር አብሮ መተኮስ ማለት ከዚህ ሌላ ምንም አይደለም። እውቀቱ በመጽሐፍ ያልገባው ሙያው ሲናቅ ስለኖረ ነው፤ ሠሪው ጠይብ እየተባለ ሲገለል ጥበቡን ቀርቦ የሚጠይቅ የተማረ ሰው አልነበረም። ይህ በጣም ያሳዝናል፤ ጉዳቱም ዛሬ ድረስ አለ። ጎንደር አጠገብ ባለችው ወለቃ በሸክላ ምስሎቻቸው የታወቁት የቤተ እስራኤል ሴቶች በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ወደ እስራኤል ሲሄዱ ሙያቸው አብሯቸው ሄዷል፤ የወለቃ አፈር ግን አልሄደም። ሸክላ ሠሪ አገር ሲለቅ እጁን ይዞ ይሄዳል፣ የለመደውን ጉድጓድ ይተዋል። በአዲስ አፈር ላይ እንደገና ለመጀመር ከዱላውና ከንጣፉ ፈተና የተሻለ አጭር መንገድ የለም።

ሌላው ተቃውሞ ከገበያ የሚመጣ ነው። ገዢው ደማቅ ቀለም ይፈልጋል፤ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ፣ የወርቅ መስመር። አፈር የሚሰጠው ቀይ፣ ጥቁር፣ ቡናማ፣ ነጭና ግራጫ ብቻ ነው። ሠሪዋም ልጆች አሏት፤ ዛሬ የሚሸጠውን ትሠራለች። ይህን ማንም ሊነቅፍ አይችልም፤ በግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ወይም ለደረቅ አበባ ለሚሆን ዕቃ የዘይት ቀለም ምንም ነውር የለበትም። እሳት ለሚነካውና ምግብ ለሚገባበት ዕቃ ግን ነገሩ የጤና ጉዳይ ይሆናል፤ ለግድግዳና ለብረት የተሠራ ቀለም ከሚበላና ከሚጠጣ ነገር ጋር ሊገናኝ አይገባውም። ከዚህ ሌላ በጥቂት መልክ መሥራት ድህነት ነው የሚለውን አልቀበልም። የአቴና ሠዓሊዎች ዓለም የሚደነቅበትን ሥራ የሠሩት በዋናነት በሁለት መልክ ነው፤ የሳን ኢልደፎንሶዎቹማ በአንድ።

ሌላም ተቃውሞ አለ፤ ሸክላ ለሥራ እንጂ ለጌጥ አይደለም የሚል። ድስት ሊያበስል፣ እንስራ ሊያቀዘቅዝ ነው የተፈጠረው ይላሉ። ይህ ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ ልንሰማው የሚገባ ነው። እንስራ ውኃን የሚያቀዘቅዘው በቀዳዳዎቹ ስለሚተነፍስና ላዩ ላይ የወጣው እርጥበት ሲተን ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ ነው። ሙሉ ገላውን በደቃቅ ቅብ ብንደፍነው ጠባዩን እንገድለዋለን። ድስትም ከእሳት ላይ የሚቆመው ሻካራና አሸዋማ ስለሆነ ነው፤ በውስጡ ያሉ ጥቃቅን ክፍተቶች ስንጥቅ ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላ እንዳይሮጥ ያግዱታል። በእሳት በሚላሰው በታችኛው ሆዱ ላይ ደቃቅ ቅብ ቢቀባ ቅቡ ቀድሞ ይሰነጠቃል። ስለዚህ የጌጥ ቦታ አንገት፣ ትከሻና ከንፈር ነው። የጥንት ሠሪዎች ጌጣቸውን እዚያ ያኖሩት ለውበት ብቻ አይመስለኝም። ጌጥ የዕቃውን ሥራ እንዳይነካ ቦታውን መምረጥ የዚሁ የአፈር እውቀት አካል ነው።

ለመጀመር ለሚፈልጉ አድማጮች ጥቂት የሥራ ነገር እንጨምር። ቅብ የሚቀባው ዕቃው ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ፣ ጣት የማይሰምጥበት ግን ሲነኩት ገና የሚቀዘቅዝ ሲሆን ነው፤ ፈጽሞ ደርቆ ከሆነ ዕቃው ማነሱን ስለጨረሰ ቅቡ ብቻውን ያንስና ይላቀቃል። ቅቡ ቀጭን ይሁን፤ ጥፍር የሚያህል ውፍረት እንኳ ብዙ ነው። ነጭ ለሚፈልግ፣ በጉጂ ቦምቦዋ እንደሚወጣው ያለ ካዎሊን በሜዳ እሳት ብቻውን አይበስልም፤ የአቴናን ነጭ ያላጠው ያው ችግር ይገጥመዋል። የሚያጣብቅ ነጣ ያለ አፈርና ጥቂት እጅግ የደቀቀ ጠርሙስ ቢቀላቀልበት ጠርሙሱ በዝቅተኛ ሙቀት ይለሰልስና ያያይዘዋል። ጠርሙስም ሆነ ደረቅ አፈር ሲወቀጥ አቧራው ሳንባ ይጎዳል፤ በውኃ አርጥቦ መፍጨት፣ አፍንጫንም መሸፈን ያስፈልጋል፤ እንዲህ ያለውን ቅብም ለጌጥ ዕቃ ብቻ ማድረግ ይመረጣል። ያጌጠ ዕቃ በጥላ፣ ቀስ ብሎ ይድረቅ፤ ሁለት አፈር የተጋጠመበት ቦታ በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ ቢቆይ ሁለቱ እኩል ይደርቃሉ።

በመጨረሻ ለሸክላ ሠሪ ማኅበራትና ለሙያ ማሠልጠኛዎች አንድ ጥያቄ እናቅርብ። የአካባቢያችሁን አፈሮች ከየጉድጓዱ እያመጣችሁ የ10 ሳንቲሜትሩን ዱላ ሥሩላቸው፤ ተኩሱት፤ በእያንዳንዱ ላይ አፈሩ የመጣበትን ቦታ፣ ያነሰበትን መጠንና ያወጣውን መልክ ጻፉበት፤ በመደርደሪያ አስቀምጡት። አንጋፋ ሠሪዎች በሕይወት ሳሉ ከየትኛው ጉድጓድ ለምን እንደሚቀዱ ጠይቋቸውና አብራችሁ መዝግቡ። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ማስመሪያ፣ እርሳስና በምትተኩሱበት ቀን ጥግ ላይ የምትተርፍ ትንሽ ቦታ ብቻ ነው።